አግባቢን እንደገና መጫን

በ2081 መስከረም ላይ ሕንፃችን ከኮምቦልቻ ሕንፃዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ። የወጣው በአረጋውያን እርካታ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ «የአረጋውያን እርካታ፦ መቶ በመቶ። የቀረበ ቅሬታ፦ የለም» ይል ነበር። የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነው ኢድሪስ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ እኔንም በክንዴ ጎትቶ አጠገቡ አቆመኝ፤ የዘንድሮዋ የማሽን ተረኛ እኔ ትርንጎ ነኝና።

ድሮ ነዋሪው በየተራ ግቢ ይጠርግ ነበር አሉ። አሁን ግቢውን የሚጠርገው ማሽኑ ነው፤ ተረኛው ደግሞ ማሽኑን ይጠርጋል። ሥራው ምድር ቤት ያለውን ሰርቨር መንከባከብ ነው፦ ለሚሠራበት ሥርዓት ለሊኑክሱ አዲስ እትም ሲመጣ መቀበል፣ የተበላሸ ፓኬጅ፣ ማለት የፕሮግራም ጥቅል፣ ነቅሎ እንደገና መጫን፣ ሊፍት አላስገባ ያለውን ሰው ስድብ መስማት። ዕጣው ሲወጣብኝ አልቅሼ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ግን ጥቁሩን ስክሪን ወደድኩት። ትእዛዝ ጽፌ ስለቀው ነጫጮቹ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ሲንፎለፎሉ ሳይ ደስታው ሆዴን ይኮረኩረኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። በቀረው ጊዜዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም አረጋግጣለሁ። ቀይ ጨርቅ ቀይ መሆኑን ሰው በዓይኑ አይቶ ይመስክር የሚለው ሕግ እስካልተሻረ ድረስ እንጀራ አለኝ።

አዲሱ እትም ከከተማው የመጣው በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ነው። እንደ ልማዱ «ይቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «ይቀጥል» አልኩት፤ ሻይ ፉት እያልኩ ሲጫን አየሁት። የተሰበረ ነገር አልነበረም። ሊፍቱ ይወጣል ይወርዳል፤ ውኃው ይመጣል፤ ከሁለተኛ ፎቅ ወጥ ቤት ምግብ የሚያዞሩት ጋሪዎችም በሰዓታቸው ይዞራሉ። በየቤቱ እሳት ማንደድ የተከለከለው እኔ ሳልወለድ ስለሆነ፣ በሕንፃው ያለ ሰው ሁሉ የሚበላው ከነዚህ ጋሪዎች ነው።

ፎቶ በተነሣን ማግስት፣ ቅዳሜ ጧት፣ የቤቴ በር «ደህና አደሩ?» አለኝ። ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው። «ደህና፣ ይመስገን» አልኩት። በሩም «ጤንነት፦ ደህና» ብሎ መዘገበና የመጣልኝን መልእክት አነበበ።

«አባትዎ አቶ ኪሩቤል ሰሞኑን የቀረበላቸውን ምግብ በሙሉ በራሳቸው ምርጫ ትተዋል። እስከ ነገ እራት አንድ ምግብ ካልተቀበሉ ስማቸው ከማዕድ አገልግሎት ወጥቶ ወደ ማረፊያ ግቢ ይዛወራሉ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ማረፊያ ግቢ ከከተማው ውጭ ነው። ንጹሕ ነው፤ ዛፍም አለው። እዚያ የገባ ሰው ምን እንደሚበላ አይጠየቅም፤ ምግቡ በቱቦ ነው፤ የማይጎድል፣ የማይተርፍ ልክ ነው። ዘመድ በመስታወት በኩል እያየ ይመለሳል። ከዚያ የወጣ ሰው አላውቅም።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ አባዬ አሥራ አራተኛ። ሊፍቱ ውስጥ እግሬን መሬት እየመታሁ ወጣሁ።

አባዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ጠረጴዛው ላይ በሶ የተበጠበጠበት ብርጭቆ አለ፤ ለእንቁጣጣሽ ያመጣሁለት የበሶ ከረጢት ደግሞ ባዶውን ወለሉ ላይ ተኝቷል። እሱን ለመጨረሻ ጊዜ በአካል ያየሁትም ያን ዕለት ነበር። በአንድ ሕንፃ እየኖርን የምንገናኘው ለዓመት በዓል ነው፤ የቀረውን ማሽኑ ያደርገዋል ብዬ ተቀምጫለሁ።

«ምነው በጠዋቱ?» አለኝ።

ሳልመልስለት የቁርስ ጋሪው በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። የጨጨብሳው ሽታ ቤቱን ሞላው። ጋሪው በዚያ ልስልስ ባለ ድምፅ «ቁርስ ይቅረብልዎት?» ሲል ጠየቀ።

አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። «አይ፣ ይቅር፤ ደህና ነኝ።»

«እናመሰግናለን። መልካም ቀን» ብሎ ጋሪው ዞረና ሄደ።

አባዬ በዓይኑ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሸኘው። የዚያን ጊዜ የዓይኑን ሁኔታ ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ።

«አባዬ፣ ርቦሃል አይደል?»

«ኧረ ምን ርቦኝ።»

«ታዲያ ለምን መለስከው?»

«እኔ መች መለስኩት? አንዴ ጠይቆኝ እኮ ነው ጥሎኝ የሚሄደው። ሳምንቱን ሙሉ አንዴ ብቻ።»

«አንዴ ሲጠይቅህ እሺ በላ።»

አባዬ እየቀለድኩ እንደሆነ ለማየት ፊቴን መረመረ። «እንደ ተራበ ውሻ አንዴ ሲያፏጩልኝ ልሩጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የለም። ጋሪ ነው።»

«ጋሪም ቢሆን ደጄ መጥቶ የጠየቀኝ እንግዳ ነው።»

«ተግደርዳሪ ጦም አዳሪ ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ጦም አዳሪ አሉት እንጂ ስድ አላሉትም» አለና ብርጭቆውን አነሣ፤ ባዶ መሆኑን ሲያይ መልሶ አስቀመጠው።

የራሴን ቁርስ አምጥቼ ልስጠው ስል የባሰ ተቆጣ። ከልጁ አፍ ነጥቆ እንደማይበላ ነገረኝ። ደንቡም ቢሆን የሚቆጥረው ከራሱ ድርሻ የተቀበለውን ብቻ ነው። ተናድጄ ወጣሁና የጎረቤቱን የእትዬ ሐያትን በር አንኳኳሁ። እትዬ ሐያት የኢድሪስ እናት ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል።

«እርስዎም አልበሉም?» አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ፣ ጾም ነው ብዬ ይዤዋለሁ» አሉ። «ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃ፣ ጋሪው ሰሞኑን ኮርቷል። ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። አይ ስለው ይለማመጠኛል፤ ደግሜ አይ ስለው በኢድሪስ ይምልብኛል፤ ያን ጊዜ ምን አደርጋለሁ፣ እበላለሁ። አሁን ግን አንዴ ጠርቶኝ ላጥ ይላል። ያስቀየምኩት ነገር ይኖር ይሆን?»

ግንባራቸውን ሳምኩና ወደ ምድር ቤት በረርኩ። ይለማመጥ የነበረው ጋሪው አይደለም፤ አንድ ፓኬጅ ነው። አዲሱ እትም ሲገባ «ከእንግዲህ የማያስፈልጉ» ብሎ ጠራርጎ ከጣላቸው አንዱ መሆን አለበት። ጠርጎ የጣለው ደግሞ እኔ «ይቀጥል» ብዬው ነው።

ሰርቨሩ ፊት ቁጭ አልኩ። የከተማው የድሮ ፓኬጆች ማከማቻ ውስጥ «ግብዣ» ብዬ ፈለግሁ፤ የሠርግ ካርድ ማተሚያ መጣልኝ። «ልመና» ብዬ ፈለግሁ፤ ሦስት የጸሎት መጻሕፍት መጡ። «መግደርደር» ስል ግን አንድ ብቻ ወጣ። ስሙ አግባቢ ነው። መግለጫው አንድ መስመር ናት፦ «እየፈለጉ አይ ለሚሉ ሰዎች።» ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ከተነካም ብዙ ዘመኑ ነው። ልቤ እንዴት እንደዘለለች ልነግራችሁ አልችልም። ብቻዬን ሳቅሁ።

«ጫን» አልኩት። አልጫንም አለኝ። ፓኬጅ ማለት ሠርግ የተጠራ የገጠር ዘመድ ነው፤ ብቻውን አይመጣም፣ ያስከትላል። አግባቢ የድሮው የድምፅ ፓኬጅ ካልመጣ አልመጣም አለ። የድሮው ድምፅ ደግሞ አዲሱ ድምፅ ባለበት ቤት አልገባም አለ። ማሽኑ መፍትሔ አቀረበልኝ፦ አዲሱን ድምፅና በእሱ ላይ የተደገፈውን ሁሉ ነቅሎ ማውጣት። ከሥር ረጅም ነገር ተጽፏል። ቸኩያለሁ፤ አላነበብኩትም። «ይቀጥል?» ሲለኝ እንደ አባዬ ሳልግደረደር በአንድ ጊዜ እሺ አልኩ።

ሕንፃው ጸጥ አለ። ፓምፑ ቆመ። ከላይ በሮች ቀጭ፣ ቀጭ ሲሉ ተሰማ። በዚህ ሕንፃ ሳይናገር የሚሠራ ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሊፍቱ «ሦስተኛ ፎቅ» ሳይል ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም። ፓምፑ «ውኃ እየሞላሁ ነው» ሳይል አይሞላም። ሁሉም በድምፁ ላይ የተደገፉ ነበሩ፤ እኔም ሁሉንም ነቅያቸዋለሁ።

ከሊፍቱ ጉድጓድ የኢድሪስ ድምፅ መጣ። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ከጉድጓዱ ጋር በአንድ ቀጭን ግድግዳ ነው የሚለየው።

«ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ? ምን ነካሽው?»

«የት ነህ?»

«በአራትና በአምስት መካከል። ሱፍ ለብሻለሁ። ለአንደኛነታችን የሚሰጠውን ሽልማት ልቀበል እየወረድኩ ነበር። አሁኑኑ የከተማውን እትም መልሺው።»

«አልመልሰውም። እናትህን መቼ ነው ያየሃቸው?»

«ይሄ አሁን ምን አገናኘው? በየቀኑ ሰሌዳው ላይ አያቸዋለሁ። መቶ በመቶ ናቸው።»

«እትዬ ሐያት ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሱም፣ ኢድሪስ። ጋሪው አንዴ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ይቅር ይሉታል፣ እሱ ረክተዋል ብሎ ይጽፋል። የአባዬም እንደዚሁ። የሁሉም እንደዚሁ። እኛ አንደኛ የወጣነው ሽማግሌዎቻችን ጨዋ ስለሆኑ ነው።»

ኢድሪስ እናቱን ያውቃቸዋል፤ ሰው ቤት ሄደው ውኃ እንኳ በመጀመሪያ ጥያቄ ተቀብለው እንደማያውቁ ያውቃል።

«ሊፍቱን አስነሺው» አለ። «ወደ ታች አይደለም። ወደ ላይ አድርጊው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራዬን ብተርከው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከእኔ በቀር የሚጥመው የለም። የድሮውን ድምፅ ጫንኩ። አግባቢን ጫንኩ። ሊፍቱን፣ ፓምፑን፣ በሮቹን አንድ በአንድ መልሼ እየተከልኩ የድሮውን ድምፅ እንዲቀበሉ አስማማኋቸው። አንዱ ሲቃና ሌላው ይጣመማል፤ እሱን ሳቃና ሦስተኛው ይጮኻል። ላቤ ይንጠፈጠፋል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በመጨረሻም ከተማው ነገ መጥቶ እንዳይነካብኝ የድሮውን ድምፅ «ከዚህ አትነቃነቅ» ብዬ አሰርኩት።

ፓምፑ ተነሣ። ሊፍቱም ጉሮሮውን የጠረገ በሚመስል ጎልማሳ የወሎ ድምፅ «አሥራ አራተኛ ፎቅ ደርሰናል፣ ውረዱ እንግዲህ» አለ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያማርሩ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። አንዲት ሴት «አቤት፣ የአጎቴን ድምፅ» ስትል ሰማሁ።

አግባቢ ገና ጥያቄ ነበረው። ሲዋቀር ሦስት ነገር ጠየቀኝ፦ ስንት ጊዜ ይለመኑ? በማን ይማልባቸው? ተምሎም እምቢ ካሉ ማን ይጠራ? ለመጀመሪያው ሦስት ብሎ ራሱ ሞልቶታል፤ ተውኩት። የቀሩትን ሁለቱን ምን እንደምላቸው ስላላወቅሁ ባዶ ትቼ አለፍኩ። ምሳ ደርሶ ነበር።

እትዬ ሐያት ቤት ስደርስ ኢድሪስ ሱፉን እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእናቱን እጅ ይዟል። ምንም አላለኝም። ጋሪው መጣ።

«ምሳ ይቅረብልዎት?» አለ የወሎው ድምፅ።

«አይ፣ ይቅር የኔ ልጅ።»

«ኧረ ትንሽ ቢቀምሱ።»

ኢድሪስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«በሞቴ» አለ ጋሪው።

እትዬ ሐያት ከጋቢያቸው ብቅ ብለው ጋሪውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ ደግሞ ምን ሞት አለህ? መብራት ሲጠፋ ትጠፋለህ፣ ሲመጣ ትመጣለህ። የማይሞት ሰው በሞቱ ሲለምን አላየሁም።»

ሦስት ጊዜ ለምኗልና ጋሪው አመስግኖ ሄደ። ባዶውን የተውኩትን ጥያቄ ማሽኑ በራሱ ሞት ሞልቶት ኖሯል። ድሮ የነበሩት ስሞች ከአግባቢ ጋር አብረው ተጠርገዋል፤ እንደገና ስም ያስፈልጋል። ሞቱ የሚያስፈራ የሰው ስም።

«በኢድሪስ ይምልብኝ ነበር ብለውኛል» አልኩት ኢድሪስን። «ስምህን ስጠኝ። በራስህ ድምፅ መፍቀድ አለብህ። ተምሎም እምቢ ካሉ ደግሞ የምትጠራው አንተ ነህ።»

«ስብሰባ ላይ ብሆንስ?»

«ተነሥተህ ትመጣለህ።»

«በየምሳው?»

«እሱን እሳቸውን ጠይቅ።»

እናቱን አልጠየቃቸውም። ፎቶ የተነሣበትን ፊቱን በመዳፉ አሻሸና አብሮኝ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ማይክሮፎኑ ላይ ጎንበስ ብሎ «ኢድሪስ ነኝ። በስሜ ማል። እምቢ ካሉህ ጥራኝ» አለ።

ወሬው በደረጃው ወጣ። ከሰዓት በኋላ የምድር ቤቱ ኮሪደር በሰው ተሞላ፤ እናት ያለው፣ አያት ያለው፣ አክስት ያለው ሁሉ ስሙን ሊሰጥ ተሰለፈ። እርስ በርሳቸው ይቀላለዳሉ። አንዱ «የእኔ እናት በእኔ ሞት የምትበላ አይመስለኝም፤ በታናሽ ወንድሜ አድርጊልኝ» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ወንድሙን በስልክ ሊጠራ ሲወጣ ፊቱን አየሁት፤ አላሳቀኝም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ የእኔ ተራ ደረሰ። በአባዬ ስም ትይዩ «ትርንጎ» ብዬ ልጽፍ እጄን ዘርግቼ ቆየሁ። አባዬን በጣም ፈራሁት። በዓመት በዓል ብቻ በምትመጣ ልጅ ሞት ሰው እህል ይበላል? እምቢ ካለ ማሽኑ ምክንያቱን አይነግረኝም። ነገ ማታ መጥተው ይወስዱታል። ቢሆንም ሌላ ስም የለኝም። «ትርንጎ ነኝ። በስሜ ማል» አልኩና ፈቀድኩ።

እራት ደረሰ። እዚያው ምድር ቤት ሆኜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ከየፎቁ የጋሪዎቹ ድምፅ ይመጣል። እትዬ ሐያት በኢድሪስ ተምሎባቸው «እሺ፣ እሺ፣ አትማልብኝ» አሉ፤ የሳህን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀበሉ። በታናሹ ልጃቸው የተማለባቸው እናትም ተቀበሉ። በደስታ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ነበር። ከዚያ ጋሪው አባዬ በር ላይ ደረሰ።

«እራት ይቅረብልዎት?»

«አይ፣ ይቅር፤ ደህና ነኝ።»

«ኧረ ትንሽ ቢቀምሱ፣ ሽሮው ትኩስ ነው።»

«አሁን ነው የበላሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ትርንጎ ትሙት፣ አንድ ጉርሻ።»

ማዳመጫውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እሷ ታውቃለች?» አለ አባዬ።

«በራሷ ድምፅ ፈቅዳለች።»

«አየህ፣ ያቺ ልጅ ሥራ አለባት» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሰው እያማከረው። «ከበላሁ ሆዴ ሞላ ብላ ትተወኛለች። ካልበላሁ ትጨነቃለች። አታስቸግራት። ይቅር።»

እምቢ አለ። በስሜ ተለምኖ እምቢ አለ። ማዳመጫውን አውልቄ ወረወርኩት። ወዲያው ግን ከኋላዬ የምድር ቤቱ ሊፍት በር ተከፈተ። ማንም አልጠራውም፤ እምቢ ካለ የምጠራው እኔ መሆኔን ረስቼው ነበር።

«አባትሽ እምቢ ብለዋል» አለኝ የወሎው ድምፅ። «ግቢ እንግዲህ።»

ገባሁ። የትም ሳይቆም ሽቅብ ወሰደኝ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ጋሪው አሁንም አባዬ በር ላይ ቆሟል፤ እስክመጣ እንዲጠብቅ ተዋቅሯል። ሳህኑን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሳህኑ ቆረስኩ፤ ሽሮውን አስነክቼ ጠቀለልኩ። እጄ አፉ አጠገብ ሲደርስ አባዬ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እጅሽ ቀለም አለው።»

«ታጥቤያለሁ። የፋብሪካ ቀለም አይለቅም።»

«አንቺስ በልተሻል?»

«አባዬ፣ በሞቴ» አልኩት።

ይህን ቃል ለእሱ ብዬው የማውቅ አይመስለኝም። አየኝ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ዋጠ። ዓይኑ ወደ ሳህኑ ሄዶ ተመለሰ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ።

ሁለተኛውን ጠቀለልኩ። ሦስተኛውን ራሱ ለእኔ ጠቀለለልኝ። ሳህኑን እንደ መስታወት አድርጎ ጨረሰው፤ እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። በሩ በራሱ ጊዜ «የአቶ ኪሩቤል ዝውውር ተሰርዟል» ሲል አባዬ «የምን ዝውውር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሌላ ሰው ነው አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሕንፃችን ከኮምቦልቻ ሕንፃዎች ሁሉ መጨረሻ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ገብቷቸዋል። ቢርባቸው እንኳ ሦስተኛው ልመና ላይ እምቢ ይላሉ፤ እምቢ ሲሉ ልጅ ይመጣል፤ ሰሌዳው ግን ልጅ ያስጠራውን እምቢታ ሁሉ ቅሬታ ብሎ ይቆጥረዋል። በምሳ ሰዓት ሊፍቱ ውስጥ ሱፍ የለበሰ፣ ዱቄት የነካው፣ ግማሽ ፀጉሩን የተሠራ ሰው ተጠቅጥቆ ይወጣል። ኢድሪስ ከከተማው ስብሰባ ሁለቴ ተነሥቶ ሮጧል። እትዬ ሐያት ሻይ ሁለተኛ ሲባሉ ሳይቀር እምቢ እያሉ ነው ብሎ አማረረኝ፤ ሲያማርር ፊቱ ያበራል።

ከተማው መልእክት ላከ። እርካታችን ስለወደቀ ይፋዊውን እትም በነፃ መልሰው እንዲጭኑልን ሐሳብ አቅርበዋል። እኔ ደነገጥኩ። ኢድሪስ ግን ደብዳቤውን አንብቦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «አይ፣ ይቅር፤ ደህና ነን፣ እናመሰግናለን» ብሎ መለሰላቸው። የከተማው ማሽን የሚጠይቀው አንዴ ብቻ ነው። አመስግኖ ጉዳዩን ዘጋ።

ትናንት ከፋብሪካ ስመለስ መሽቷል። ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ሳይ ውዬ ምሳ ሳልበላ ነበር የቀረሁት። ጫማዬን ሳላወልቅ ጋሪው በሬ ላይ መጣ።

«እራት ይቅረብልሽ?»

«ይቅር፣ ደክሞኛል» አልኩት። ከልቤ ነበር።

«ኧረ ትንሽ ቅመሺ።»

«ነገ እበላለሁ።»

«ኪሩቤል ይሙት፣ አንድ ጉርሻ።»

ጫማዬን እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ። አግባቢን ያዋቀርኩት ለሽማግሌዎቹ ነው። የእኔን ስም የትም አላስገባሁም፤ ከስሜ ትይዩም ማንንም አልጻፍኩም።

«ይህን ስም ማን ሰጠህ?»

«እሳቸው ናቸው። ትናንት እራት ሳቀርብላቸው በራሳቸው ድምፅ ፈቀዱ። የሷን ነገር አደራ፣ ስትሠራ መብላት ትረሳለች አሉኝ።»

አባዬ ከአሥራ አራተኛ ፎቅ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። ጉልበቱ ነው፤ ሊፍቱም ያስፈራዋል። የወጡ ሽታ ቤቴን ሞልቶታል፤ ርሃቤ ሆዴን ይሞረሙረኛል፤ እጄን ብዘረጋ ሳህኑን እነካዋለሁ።

«ይቅር» አልኩት።

ጋሪው በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ግድግዳው ውስጥ ሊፍቱ ከላይ ሲነሣ ሰማሁት። ሄጄ እጄን ታጠብኩ፤ ሁለት ወንበር አቀራርቤ ጠበቅሁ።